የግራው ስፒከር

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም ሰው «ጋሽ ጆሮ» ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሚሠራ ሞተር ላይ ያስደግፍና እጀታውን ግራ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሦስተኛው ነው» ይላል፣ ወይም «ኩሽኔታው ነው፣ ሞተሩን እንዳትነኩት» ይላል፣ እንዳለውም ሆኖ ይገኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ሞተር በከንቱ ከመፈታት አድኗል። ኮምፒውተር ይዘው የመጡት ወጣት መካኒኮች እንኳ ማሽናቸው ግራ ሲገባው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይስሙልን» ይሉታል፤ እሱም ትንሽ ኮራ ብሎ ይሰማላቸዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቤት የገባ አሮጌ የሬዲዮ ሪሲቨር በግራ በኩል ዝም ማለት ሲጀምር፣ ሌላው ሰው «ዕቃው ተበላሸ» የሚለውን እሱ «ጆሮዬ ሄደ» አለ። ያለውም በሆዱ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሪሲቨሩን እሱና ሚስቱ የገዙት አንድያ ልጃቸው ተድራ ከወጣች በኋላ ነው። ቤቱ ጭር አለባቸው። ራት ላይ የሹካ ድምፅ እያዳመጡ መቀመጥ ሲሰለቻቸው፣ አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ከሥራ መልስ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ጎራ አሉና ሬዲዮውንም ማጉያውንም በአንድ ሣጥን የያዘ፣ ፊቱ ብርማ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ ሪሲቨር መረጡ። ሻጩ የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥግ አዞረው። መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። «ይኸውላችሁ፣ ሁለቱም ጎን እንደ አንበሳ ነው» አለ። አልዋሸም፤ በዚያ ጩኸት ሁለቱም ጎን ያገሳ ነበር። ቤት ወስደው ከድሮ ስፒከሮቻቸው ጋር አገናኙት። ስፒከሮቹ አንድም ቀን ሳያስቸግሩ ዓመታት የሠሩ ስለሆኑ የሚጠረጠሩ አልነበሩም።

ቤት ውስጥ ግን መጮህ አይቻልም። ከሳሎኑ የግራ ግድግዳ ጀርባ የጎረቤት ሕፃን አለ፤ የአራት ወር ልጅ፣ ፀሐይ ስትገባ የሚተኛ፣ ከተቀሰቀሰ ደግሞ ሕንፃውን በሙሉ የሚቀሰቅስ። እናቱ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ እንደቀላ አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝታቸው «አደራችሁን» ብላቸዋለች። ስለዚህ የምሽቱን የዘፈን ምርጫ የሚሰሙት በሹክሹክታ ነው፤ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ ማንኪያውን እንኳ ቀስ ብለው እያማሰሉ።

ታዲያ ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጫወተ ግራው ይጠፋል። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ከዚያ ዘፋኙም ከበሮውም ወደ ቀኝ ይሸሻሉ። ጋሽ ጆሮ በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ቁልፉን ትንሽ ከፍ አደረገው። ግራው «ጧ» ብሎ ተመለሰ። ዝቅ ሲያደርገው ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሄደ። በማግስቱም ያው። እሱ መቼም የነገር ምክንያት ሳያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይህንንም እንደ ልማዱ አሰላው። ሱቅ ውስጥ ሲጮህ ደህና ነበር። እዚህም ከፍ ሲል ደህና ነው። ዝግ ሲል ብቻ ግራው የለም። ከፍ ያለውን እየሰማ ዝግ ያለውን የማይሰማ ማን ነው? ጆሮው የደከመ ሰው ነው። ማስረጃው ተሟላለት።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ የታክሲው ጉዳይ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የሚያፏጭ ታክሲ መጣና ካቻቢቴውን አስደግፎ «የውሃ ፓምፑ ነው» አለ። ግማሽ ቀን ፈትተው ፓምፑን ሲያወጡት ምንም አልሆነም፤ የሚያፏጨው አጠገቡ ያለው የቺንጋ መወጠሪያ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ማንም ሊሳሳት ይችላል። ወጣቶቹም ስቀው አለፉት። እሱ ግን ሊያልፈው አልቻለም። ከዚያ ቀን ወዲህ «እስቲ ይስሙልን» ሲሉት «ማሽናችሁ ምን አለ?» ማለት አመጣ። ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ዘጋበት። ለጋራዡ ባለቤት የሚናገረውንም በልቡ ያዘጋጅ ጀመር። ዓይኔ ደከመ ቢል ይሻላል። ጋሽ ጆሮ ተብሎ የኖረ ሰው በምን አፉ ጆሮዬ ደከመ ይላል?

ሚስቱም ነቅታበታለች ብሎ ጠረጠረ። እሷ የአንድ ትልቅ ድርጅት ስልክ ተቀባይ ናት፤ ከሽቦው ወዲያ ያለው ሰው ሲያኮርፍ እንኳ ከትንፋሹ የምታውቅ ሴት ናት። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ ከፍ አለ። «ጨው አቀብለኝ» ስትለው ከደረጃው ታች የምትጣራ ይመስል ነበር። ቀጥሎ «መስኮቱ ነፋስ ያመጣብኛል» ብላ ሠላሳ ዓመት ከተቀመጠችበት የሶፋው ቀኝ ተነሣችና ወደ ግራው ዞረች። ልክ በግራ ጆሮው በኩል ማለት ነው። እየፈተነችኝ ነው አለ በሆዱ። በመጨረሻም አንድ ቀን ስኳር ሲፈልግ ከጣሳው ጀርባ የፋርማሲ ከረጢት አገኘ። ላዩ ላይ በብዕር «የጆሮ ጠብታ፣ ጠዋትና ማታ» ተጽፎበታል። ከረጢቱን ሳይከፍት፣ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ አይቶ፣ እዚያው መለሰው።

ከዚያ በኋላ ጠብታውን እስክትሰጠው ይጠብቅ ነበር። አልሰጠችውም። ልታሳፍረኝ አልፈለገችም፣ ቀን እየመረጠች ነው ብሎ ደመደመ። በአንድ በኩል አንጀቱን በላችው፤ በሌላ በኩል ያንን ቀን እየፈራ ሶፋው ላይ መቀመጥ እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ ሆነበት።

መቼም ጉዱ ይሄ ብቻ አይደለም። ነገሩን በአምስት ደቂቃ የሚለይበትን ዘዴ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። ጋራዥ ውስጥ አዲስ ለሚገባ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ አንድ ካንዴላ ከጠረጠርክ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይረው፤ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፣ ባለበት ከቀረ ሌላ ፈልግ። እዚህም ያው ነው። የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ ከሪሲቨሩ ጀርባ ነቅሎ ማቀያየር። ዝምታው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው። እዚያው ግራ ላይ ከቀረ ግን የጆሮው ነው። ጋሽ ጆሮ ሪሲቨሩን ከፍቶ አቧራውን ነፋ፣ ፊውዙን ቀየረ፣ አዲስ ሽቦ ዘረጋ፣ መሰኪያውን ሁሉ በአልኮል ጠረገ። ያቺን አንዲት ነገር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ሽቦዎቹ ሰድዶ ሁለቴም መለሰው። ሳያውቁት መቆየትም አንድ ነገር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ሰሃን እያደራረቀች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ በዚያ አዲስ ባመጣችው ከፍ ያለ ድምፅ «ይህን ዕቃ እስቲ ለሚያውቅ ሰው አሳየው» አለችው።

«ምን ሆነ ብዬ?» አላት።

«እንጃ። እንዲያው ይታይ ብዬ ነው። ምናልባት የሆነ ነገር ካለበት።»

ሰበብ ልትፈልግልኝ ነው ብሎ አሰበ። ሪሲቨሩ ደህና ነው ሲባል የቀረው እኔ ልሆን ነው፤ ጠብታው ከስኳሩ ጀርባ የሚወጣው ያኔ ነው። ያም ሆኖ ሪሲቨሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቀፈውና ወጣ።

ሬዲዮ ጠጋኟ እትዬ ሽቦ ትባላለች። ሱቋ ከጫማ ሠሪውና ከቁልፍ ቀራጩ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ተራ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ መነጽሯን በሽቦ ጠግናዋለች፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ጆሮ ዕቃውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ በግራ በኩል...»

እጇን ዘርግታ አስቆመችው። «ይቅርታ ጋሼ፣ አይንገሩኝ። ከነገሩኝ በኋላ የምሰማው የነገሩኝን ነው። ይቀመጡ።»

እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ አይቶ አያውቅም። ክዳኑን ከፈተች፣ በትንሽ መብራት ውስጡን አየች፣ ከራሷ ሁለት ስፒከሮች ጋር አገናኘችው። ከዚያ የሱቁን በር ዘጋች። መስኮቱን ዘጋች። የግድግዳውን ሰዓት አወረደችና ትራስ ሥር ሸጎጠችው። ጆሮ ዓይኑ አብሯት ይዞር ነበር።

«ሲጮህማ ሁሉም ዕቃ ደህና ነው» አለች። «እኔ የምሰማው ሲያንሾካሽክ ነው። ቆይተን እናያለን። እርስዎ የሰሙትን ለራስዎ ይያዙ፣ እኔ የሰማሁትን እጽፋለሁ።» የተቀደደ ካርቶን ቁራጭና እርሳስ አጠገቧ አደረገች። ድምፁን አሳንሳ አሳንሳ ከትንፋሽ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን ተወችው፤ ጀርባዋን ሰጥታው የሌላ ሰው ማራገቢያ ትፈታ ጀመር።

ከቀኝም ከግራም አንድ አኮርዲዮን ይጫወታል። ጆሮ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ግራው ቀጠነ፣ ቀጠነና ሄደ። ሴትዮዋን አያት። ራሷን እንኳ ቀና አላደረገችም፤ ማራገቢያዋን እየፈታች ነው። እርሳሱን አንሥታ አንድ ነገር ጫረች፣ ካርቶኑን ገለበጠችው። ምን ጻፈች? ምናልባት «ምንም» ብላ ይሆናል።

«እንግዲህ ስፒከሮቹን ያቀያይሩልኝ» አለችው። «እጄ ቅባት ነው። መካኒክ ነዎት መሰለኝ፣ እጅዎ ይናገራል። እናንተስ ዘንድ የምትለዩት እንዲሁ አይደል?»

«እንዲሁ ነው» አለ ጆሮ።

ለሁለት ወር የሸሸው ነገር መጥቶ እፊቱ ተደቀነ፤ ማምለጫ የለም፣ በሩም ተዘግቷል። ተነሣ። የግራውን ሽቦ ነቅሎ በቀኙ ቦታ፣ የቀኙን በግራው ቦታ ሰካ። በሕይወቱ አሥር ሺህ ካንዴላ ያቀያየረ ሰው ሽቦው በትክክል መግባቱን ሁለት ጊዜ አየ። ተመልሶ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ፤ ሞተር እንደሚሰማ ሰው።

አኮርዲዮኑ ይጫወታል። ውጭ የጫማ ሠሪው መዶሻ ኳ ኳ ይላል። ጆሮ ግራው ላይ ተተክሎ «ሂድ፣ የምትሄድ ከሆነ ሂድና ይለይልኝ» እያለ ይጠብቃል። ግራው አልሄደም። እንዲያውም እየጠራ መጣ፣ የአኮርዲዮኑ አየር ሲሳብ ሳይቀር ተሰማው። ወደ ቀኝ ልቡን ሲመልስ እዚያ ምንም የለም።

ቀኝ ጠፍቷል። ዝምታው ወደ ቀኝ ዞሯል።

«ቀኙ» አለ። «አሁን ቀኙ ነው የጠፋው። ተበላሽቷል። ዕቃው ተበላሽቷል፣ ተመስገን።»

እትዬ ሽቦ ማራገቢያዋን አስቀምጣ ዞረች። ካርቶኑን ገልብጣ አሳየችው። «መጀመሪያ ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ» ይላል። ከዚያ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ በላዩ አየችው። «ሃያ ዓመት ስሠራ ዕቃዬ ተበላሸ ብሎ የሚያመሰግን ደንበኛ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለች።

ነፍሱ መለስ እያለች ነበር። ለሁለት ወር ትከሻው ላይ ተጭኖት የከረመው ነገር እዚያችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወረደለት፤ ሲወርድለት ነው ክብደቱን ያወቀው። ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገና ሳቀ፣ ሳቁም ትንሽ እንባ ነበረበት፣ አላፈረበትም።

ጥፋቱን ለማግኘት ከዚያ ወዲያ ብዙ አልፈጀባትም። ከሪሲቨሩ ጀርባ አጠገብ የክብሪት ቀፎ ግማሽ የማታክል ግልጽ የላስቲክ ሽፋን ያላት ነገር አወጣች። «ሪሌ ናት» አለች።

«ሪሌማ መኪና ላይም አለ።»

«ያው ናት። ድምፁ ወደ ስፒከሮቹ የሚያልፈው በዚች በኩል ነው። ውስጧ የሚነካኩት ብረቶች በአንድ በኩል ጠቁረዋል፣ ይመልከቱ። ሲጮህ ጉልበት ስላለው ጥቁረቱን ጥሶ ያልፋል። ሲያንሾካሽክ ግን አቅም የለውም፣ እዚያው ይቀራል። እርስዎ ቤት ጮክ ብላችሁ አትሰሙም መሰለኝ።»

«ጎረቤት ሕፃን አለ» አለ ጆሮ።

«ሕፃኑ ነው እንግዲህ ጥፋቱን ያወጣው። ባይኖር አምስት ዓመትም ሳታውቁ ትሰሙት ነበር።» አዲስ ሪሌ ከመሳቢያዋ ፈልጋ በየደች፣ ጭሱን እፍ ብላ በተነች፣ በሹክሹክታ ግማሽ ሰዓት አስጫወተችው። አልጠፋም። ሰዓቷን ከትራሱ ሥር አውጥታ ሰቀለችና በሩን ከፈተች።

ጆሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ ሁሉ ይሰማዋል። የብስክሌት ሰንሰለት፣ ከፎቅ ላይ የሚራገፍ ምንጣፍ፣ የአውቶቡስ ፍሬን። «ያ አውቶቡስ የኋላ ግራው የፍሬን ሸራ አልቋል» አለ ለራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሰኞ ጠዋት ካቻቢቴውን ከመሳቢያው እንደሚያወጣ ወሰነ። የውሃ ፓምፑ ስህተት እንግዲህ ተራ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ ተራ ስህተት እንዲህ ደስ ሊል እንደሚችል አያውቅም ነበር።

ቤት ሲደርስ ሊመሽ ነው። ሪሲቨሩን ቦታው መለሰ፣ ስፒከሮቹን አገናኘ፣ ድምፁን እንደ ወትሮው ዝቅ አደረገው። ሚስቱ ሻይ ይዛ መጥታ አዲሱ ቦታዋ ላይ፣ በግራው በኩል ተቀመጠች። ምን እንደተባለ አልጠየቀችውም። እሱም ቶሎ አልነገራትም፤ መጀመሪያ ደስታውን ብቻውን ትንሽ ሊያጣጥመው ፈልጓል። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግራው ቦታው ላይ ነው።

በዓይኑ ጥግ ሲያያት ሚስቱ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዘነበለች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ። ብርጭቆዋን አየር ላይ ይዛ ቀርታለች።

«እንግዲህ ያንን ጠብታ መጣል ትችያለሽ» አላት።

«የቱን ጠብታ?»

«ከስኳሩ ጀርባ ያለውን። አይቼዋለሁ። ስላላሳፈርሽኝ አመሰግናለሁ፣ ግን አያስፈልገኝም። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነበር። ግራው የሚጠፋው ዕቃው ተበላሽቶ ነው።»

ሚስቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፤ ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። «ግራው ይጠፋ ነበር?» አለች። «አንተም ይጠፋብህ ነበር?»

«አንተም ማለት?»

«ጠብታው የአንተ አይደለማ። የእኔ ነው። ግማሹን ጨርሼዋለሁ።»

እሷም አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም። የስልኩ ማዳመጫ ለሃያ ስድስት ዓመት የተሰካው በግራ ጆሮዋ ላይ ስለሆነ እሱ ነው የጨረሰኝ ብላ አስባለች። ወደ መዝገብ ቤት አዛውሩኝ የሚል ማመልከቻ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፤ ሰኞ ልትሰጥ ነበር። ሶፋው ላይ ቦታ የቀየረችው እሱን በደህናው ጆሮዋ በኩል ለማድረግ ነው። ድምፅዋ ከፍ ያለውም የራሷ ድምፅ የሚሰማት ስላልመሰላት ነው። ሪሲቨሩን አሳየው ያለችው ደግሞ ምናልባት፣ ምናልባት ዕቃው ቢሆን ብላ ነው፤ ግን ግራው ይጠፋብኛል ማለት አልደፈረችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለጋሽ ጆሮ ጆሮዬ ደነቆረ ብዬ ልንገር?» አለችው። «አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ከጋራዡ በር ሳይወጣ የመንገዱን ሞተር ሁሉ ሕመም የሚሰማ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ስትፈራ ሁለት ወር ሙሉ አልሰማም። ይህ ከውሃ ፓምፑ ይልቅ አሳፈረው። «አጠፋሁ» አላት፤ እጇን ያዘ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልታለቅስ ነው ሲል ሳቀች። «ጠዋትና ማታ፣» አለች ሳቁ እያቋረጣት፣ «ጠዋትና ማታ አንገቴን አጣምሜ መታጠቢያ ቤት ስቆም... ጠብታውን ለሪሲቨሩ... ለእሱ ብጨምርለት ይሻል ነበር እኮ።»

ጆሮም አልቻለም። እንደዚያ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁት ልጃቸው ገና ታዳጊ ሳለች ነው፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየጀመረ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አደራውን ረስተውታል። ሁለት ወር ሙሉ ሬዲዮ በሹክሹክታ ሲሰሙ የከረሙ ሰዎች ቤቱን በሳቅ አናጉት።

ከግድግዳው ጀርባ ሕፃኑ ተነሣ። መጀመሪያ ቀጭን ማጉረምረም ነበር፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ዓይነት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቃቸውን ዋጡና አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ።

«ሰማህ?» አለችው በሹክሹክታ፣ በድሮው ድምፅዋ።

«ሰማሁ» አላት።

ሕፃኑ ሙሉ ድምፁን ለቀቀው። ሚስቱ እጇን ከእጁ ሳታወጣ «ኧረ ጉድ ሠራን፣ ሄጄ ይቅርታ ልበላት» አለች፤ አለች እንጂ ወዲያው አልተነሣችም። ሁለቱ ተጠጋግተው ልቅሶውን ጥቂት አዳመጡት።